ፍንጣሪው የሚነሣው ከማሽኑ ነው፦ «ጥፋቱ የሠራተኛው ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በብረታ ብረት ሥራ ላይ በተሰማሩ ሰዎች መካከል ሲተላለፍ የሰነበተ አንድ ጽሑፍ አለ። ጉዳዩ የጋለ ብረት በመዶሻ ማሽን በሚቀጠቀጥበት ቦታ በሠራተኞች ላይ የሚደርሰው የፍንጣሪ ጉዳት ነው። ለእኔ ከአራት ሰዎች ደርሶኛል፤ ሦስቱ ሲልኩልኝ «እውነቱን ነው» የሚል ቃል ጨምረውበታል። ጸሐፊው ብዙ ሰው ዝም የሚልበትን ጉዳይ በማንሣታቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ አጻጻፋቸውም ሥራውን በቅርብ የሚያውቅ ሰው አጻጻፍ ነው። መደምደሚያቸው ግን ስሕተት ነው ብዬ አምናለሁ፤ ስሕተቱም በወረቀት ላይ የሚቀር ሳይሆን ሰው ዓይኑን የሚያጣበት በመሆኑ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም።

የጽሑፉን ሐሳብ ሳላጣምም ላስቀምጥ። እንደ ጸሐፊው አባባል ፍንጣሪ የቅጥቀጣ ሥራ ባሕርይ ስለሆነ ሊቀር አይችልም፤ ሊለወጥ የሚችለው የሠራተኛው ጥንቃቄ ብቻ ነው፤ ስለዚህ የጉዳቱ መንስኤ ቸልተኝነት ነው። ከዚህ ተነሥተው መከላከያ መነጽር ያደረገ ሰው እንደማይጎዳ ይናገራሉ፤ ለዚህም በአሜሪካ የተደረገ አንድ ጥናት ይጠቅሳሉ። አባቶቻችን ያለ መነጽርና ያለ መከለያ ለዘመናት ብረት ሲቀጠቅጡ መኖራቸውንም በማስረጃነት ያቀርባሉ። ዓይን ውስጥ የገባች ቅንጣት በውኃ ታጥባ እንደምትወጣ፣ በየምክንያቱ ወደ ሐኪም መሮጥም የሥራ ጊዜ ማባከን እንደሆነ ያክላሉ። በመጨረሻም መነጽር ሳያደርግ የተጎዳ ሠራተኛ አሠሪውን በሕግ ሊጠይቅ እንደማይችል፣ የማሽን መከለያ ደግሞ ውድና ሥራ የሚያጓትት እንደሆነ ይደመድማሉ።

የመጀመሪያው ነጥብ የሌሎቹ ሁሉ መሠረት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልሰው። ፍንጣሪን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም የሚለውን እቀበላለሁ። ብረት እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲግል ከአየር ጋር ተዋሕዶ ላዩ ላይ ቅርፊት ያበጃል፤ ቅርፊቱ እንደ ውስጡ ብረት የሚለጠጥ ሳይሆን ተሰባሪ በመሆኑ፣ የመዶሻው ምት ሲያርፍበት ፈርሶ ይበተናል። ይህ በየትኛውም አገርና በየትኛውም ማሽን የሚሆን ነው። ነገር ግን «ጨርሶ አይጠፋም» ማለትና «ሊቀነስ አይችልም» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ጸሐፊው ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገሩት ምንም ማስረጃ ሳያቀርቡ ነው። የቅርፊቱ ውፍረት የሚወሰነው በዋናነት ብረቱ በምን ያህል ሙቀት ለምን ያህል ጊዜ እቶን ውስጥ እንደቆየና ምን ያህል አየር እንዳገኘው ነው። ሠራተኛው ምሳ እስኪበላ እቶን ውስጥ የቆየ ብረት ቅርፊቱ ወፍሮ ይወጣል። በልኩ ግሎ የወጣ፣ እጀታው ረጅም በሆነ የሽቦ ብሩሽ የተጠረገ ወይም መጀመሪያ በቀላል ምት ቅርፊቱ የተራገፈለት ብረት ግን የሚበትነው በጣም ያነሰ ነው። ይህን የሚወስነው የእቶኑን አየር የሚመጥነውና የሥራውን ቅደም ተከተል የሚያወጣው ሰው ነው፤ መነጽሩን ያወለቀው ረዳት አይደለም።

ከዚህም በላይ ጸሐፊው ፍንጣሪ ሲሉ የሚያስቡት ቅርፊትን ብቻ ነው። በቅጥቀጣ ክፍል ውስጥ ይበልጥ የሚያስፈራው ፍንጣሪ ግን ከራሱ ከማሽኑና ከመሣሪያው ተሸርፎ የሚወጣው ጠንካራ ብረት ነው። ለጋለው ብረት ቅርጽ የሚሰጡት የላይና የታች ማተሚያ ብረቶች እጅግ እንዲጠነክሩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው፤ ስለሆነም ሳይሞቁ በከባድ ምት ከተመቱ ሊሰነጠቁ ይችላሉ። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከ150 ዲግሪ በላይ እንዲሞቁ የሚደረገውም ስለዚህ ነው። በኅዳር ጠዋት ብርድ፣ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባደረ ማተሚያ ላይ የሚያርፈው የመጀመሪያው ምት ከቀኑ ምቶች ሁሉ ይልቅ ያሳስበኝ ነበር። ማተሚያዎቹን አጥብቆ የሚይዘው ሽብልቅም በየምቱ ይናጣል፤ ለዚህ ሥራ ከማይሆን ብረት ከተሠራ ጫፉ ተሸርፎ እንደ ጥይት ይወረወራል። በመካከል የሚቀጠቀጥ ብረት ሳይኖር ማተሚያ ከማተሚያ ጋር ሲጋጭም ስብርባሪ ሊነሣ ይችላል። በማተሚያው ጎድጓዳ ውስጥ ውኃ ተጠራቅሞ የጋለ ብረት ሲያርፍበት ደግሞ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፤ በዙሪያው ያገኘውንም ቅርፊት ሁሉ ይዞ ይወጣል። እነዚህን ነገሮች በዓይኑ ያየ ሰው «ቸልተኛ ሠራተኛ» የሚለውን ቃል በቀላሉ የሚናገር አይመስለኝም።

የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና አስተዳደር፣ በአጭር ስሙ ኦሻ፣ ስለ ቅጥቀጣ ማሽኖች ያወጣው ደንብ ይህንኑ ያረጋግጣል። ደንቡ በእያንዳንዱ መዶሻ ጀርባ የሚወረወረውን ቅርፊት የሚያስቆም ጠንካራ መከለያ እንዲኖር፣ ሽብልቆች በቀላሉ ከማይሰነጠቅና ከማይሰባበር ብረት እንዲሠሩ፣ ማሽኑን የሚያስነሣው የእግር መርገጫም ሳይታሰብ እንዳይረገጥ እንዲከለል ያዝዛል። ሦስቱም ትእዛዞች የሚመለከቱት የማሽኑን ባለቤት ነው። ፍንጣሪ ሊገታ የማይችል የሥራው ባሕርይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽብልቅ ከምን ዓይነት ብረት ይሠራ ብሎ ደንብ መጻፍ ባላስፈለገ ነበር።

አንድ ያየሁትን ልጨምር። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ የቅጥቀጣ ክፍል፣ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ወረቀት ለማስፈረም መጥቶ ከመዶሻው በስተጀርባ ሲያልፍ፣ ከሽብልቅ የተሸረፈ ከሩዝ ፍሬ ያነሰ ብረት ቀኝ ዓይኑን መታው። ኦፕሬተሩ መነጽር አድርጎ ነበር፤ ረዳቱም እንዲሁ። የግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ግን ሥራው ቅጥቀጣ ስላልሆነ መነጽር ከሚሰጣቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ አልነበረም፤ ከመዶሻው በስተጀርባም መከለያ አልነበረም። ጸሐፊው ባስቀመጡት መለኪያ ይህ ሰው የጎደለው ጥንቃቄ የትኛው እንደሆነ እንዲነግሩን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ወደ መነጽሩ ልምጣ። መነጽር መደረግ አለበት፤ የተሰጠውን መነጽር ግንባሩ ላይ ሰቅሎ የሚሠራ ሰው ራሱን እየጎዳ ነው፤ በዚህ ከጸሐፊው ጋር አንድ ነን። የጠቀሱት ጥናት የአሜሪካ የሥራ ስታቲስቲክስ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1980 ያወጣው ነው፤ በሥራ ላይ ዓይናቸውን ከተጎዱት ከአምስቱ ሦስት ያህሉ መከላከያ አላደረጉም ነበር የሚለውም በትክክል የተጠቀሰ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጥናት የቀሩት ሁለቱ፣ ማለትም 40 በመቶ ያህሉ፣ አንድ ዓይነት መከላከያ አድርገው ሳለ መጎዳታቸውን ይናገራል፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ያደረጉት የጎን መከለያ የሌለው መነጽር ነበር። ጥናቱ የተለያዩ የሥራ ዘርፎችን እንጂ ቅጥቀጣን ለብቻው አለመመልከቱም ሊታወስ ይገባል። የጥናቱን ግማሽ አንብቦ ግማሹን መተው ጸሐፊው ሆን ብለው ያደረጉት ነው አልልም፤ ነገር ግን «መነጽር ያደረገ አይጎዳም» የሚለውን ቃላቸውን የሚያፈርሰው እሳቸው ራሳቸው ያቀረቡት ማስረጃ ነው።

መነጽር ሁሉ አንድ አይደለም። በአውሮፓ ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት የቆየው ኢኤን 166 የተባለው የጥራት ደረጃ፣ ስፋቷ 6 ሚሊሜትር፣ ክብደቷ 0.86 ግራም የሆነች የብረት ኳስ በመከላከያው ላይ በመተኮስ ይፈትናል። ተራው ባለ እጀታ መከላከያ መነጽር የሚፈተነው በሴኮንድ 45 ሜትር በሚጓዝ ምት ሲሆን «ኤፍ» የሚል ምልክት ያገኛል። ዙሪያውን ገጥሞ ዓይንን የሚዘጋው ዓይነት እስከ 120 ሜትር ተፈትኖ «ቢ» ሊባል ይችላል። 190 ሜትርን የሚችለውና «ኤ» የሚባለው ግን ፊትን በሙሉ የሚሸፍነው ጋሻ ብቻ ነው። ከፍተኛው ፍጥነት ከዝቅተኛው አራት እጥፍ ገደማ ነው፤ የምት ኃይል ግን የሚያድገው ፍጥነቱ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ ልዩነቱ ወደ 18 እጥፍ ይደርሳል። ከመንገድ ዳር የተገዛ፣ ምንም ምልክት የሌለው መነጽር ሰጥቶ «መከላከያ ሰጥቻለሁ» የሚል አሠሪ ከእነዚህ የትኛውን እንደሰጠ ራሱም አያውቅም።

ደግሞስ ፍንጣሪ የሚፈልገው ዓይንን ብቻ ነውን? የአንገትና የጭን ትልልቅ የደም ሥሮች በጨርቅ ብቻ ተሸፍነው ነው የሚውሉት፤ በፍጥነት የሚወረወር ስለታም ብረት እነሱን ካገኘ ነፍስ የሚያጠፋ መድማት ሊያስከትል ይችላል። የቆዳ ሽርጥ፣ የሱሪው እግር በቦቲው ላይ እንዲወርድ ተደርጎ የሚለበስ የጥጥ ቱታ፣ ከሁሉ በፊት ደግሞ ፍንጣሪውን በመንገዱ የሚያስቆም መከለያ የሚያስፈልገው ስለዚህ ነው። መነጽር በላብና በሙቀት ይጨልማል የሚለው የሠራተኞች ቅሬታም ሰበብ ብቻ አይደለም፤ በእቶን ፊት የቆመ ሰው መነጽሩን የሚያወልቀው በእልህ ሳይሆን ማየት ስላቃተው ሊሆን ይችላል። የወንፊት ሽቦ ያለው የፊት ጋሻ አይጨልምም፤ ይሁንና ደቃቅ ቅንጣት ስለሚያሳልፍ ከሥሩ ሌላ መነጽር ይፈልጋል። የማይጨልም መነጽር መምረጥ፣ በየመካከሉ ማረፊያ መስጠት፣ አየር የሚያናፍስ ማራገቢያ ማቆም የአሠሪው ድርሻ ነው።

አባቶቻችንን በተመለከተ ጸሐፊው ያነሡት ነገር ልቤን ነክቶታል፤ ምክንያቱም የእጅ ጥበባቸውን እንደ እሳቸው አከብራለሁ። ወናፍ፣ መዶሻና ጉጠት ብቻ ይዘው ማረሻና ማጭድ ያቀረቡልን ሰዎች ብዙ የሚያውቁት ነገር ነበር። «ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው» የሚለው አባባል ራሱ የደኅንነት ትምህርት አለበት፤ ቅላቱ የጠፋና የቀዘቀዘ ብረት ሲመታ የመሰንጠቅና የመሸረፍ ዕድሉ ስለሚጨምር ወደ ከሰሉ ይመልሱታል። ሆኖም አልተጎዱም ብለን የምንናገረው ማን ቆጥሮልን ነው? ዓይኑ የጠፋ ቀጥቃጭ ሥራውን ትቶ ቤቱ ይቀመጣል፤ እኛ የምናየው መዶሻውን እንደያዘ ያረጀውን ብቻ ነው። በዚያ ላይ በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ቀጥቃጮች «ቡዳ» እየተባሉ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል የደረሱትም ነገሩ የከፋ ስለነበረ ነው። ዓይናቸው ይፈራ በነበረበት ዘመን ስለ ዓይናቸው ጉዳት የሚጠይቅና የሚመዘግብ ሰው አልነበረም። መዝገብ የለም ማለት ጉዳት የለም ማለት አይደለም።

መዝገብ የነበራቸው አገሮች ምን እንዳገኙ እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1879 ዩልዩስ ሂርሽበርግ የተባለ የበርሊን የዓይን ሐኪም የገባን ብረት ከዓይን ውስጥ በኤሌክትሪክ ማግኔት ማውጣት ጀመረ፤ በ1892 ደግሞ የዙሪኩ ኦቶ ሃብ ለዚሁ ሥራ ግዙፍ ማግኔት አስተዋወቀ። ብረት ከዓይን ለማውጣት ብቻ ይህን ያህል መሣሪያ የተሠራው በዘመኑ የነበሩ ብረት ሠራተኞች ዓይናቸው ውስጥ ብረት እየገባ ወደ ሐኪም ይመጡ ስለነበረ ነው።

የኃይሉ ልዩነትም ሊረሳ አይገባም። 5 ኪሎ የሚመዝን መዶሻ በሴኮንድ 10 ሜትር ፍጥነት ቢያርፍ የሚሰጠው ኃይል 250 ጁል ነው። አንድ ቶን የሚመዝን የማሽን መዶሻ ከአንድ ሜትር ከፍታ ቢወድቅ ግን ወደ 9,800 ጁል ይሰጣል፤ ይህም 40 እጥፍ ገደማ ነው። በእጅ መዶሻ የተገኘን ልምድ ለዚህ መለኪያ ማድረግ አይቻልም። በእጅ የሚሠራውም ቢሆን ዛሬ ተለውጧል። መርካቶ ምናለሽ ተራን በመሰሉ አካባቢዎች አሮጌ ብረት አዲስ ዕቃ ይሆናል፤ ለማረሻ፣ ለመጥረቢያና ለቢላ ከሚፈለጉት ብረቶች አንዱ የመኪና ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ እጅግ ጠንካራ ብረት ነው፤ ሳይግል በመሮ ሲመታ፣ በተለይም የመሮው ራስ ከብዙ ምት የተነሣ እንደ እንጉዳይ ተዘርግቶና ተሰነጣጥቆ ከሆነ፣ የሚሸረፈው ቅንጣት ስለታም ነው። ያንን የተዘረጋ ጠርዝ በግራይንደር መሞረድ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ የሚያሳዝነው ይህን የሚናገርላቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ስለ ሕጉ የተጻፈው በከፊል እውነትነት አለው፤ አደገኛ የሚያደርገውም ይኸው ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 96 አሠሪው ምንም ጥፋት ባይኖርበትም ሠራተኛው በሥራ ላይ ለሚደርስበት ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ይደነግጋል፤ መነሻው ይህ ነው። ሠራተኛው ሆን ብሎ በራሱ ላይ ያደረሰው ጉዳት ከዚህ ውጭ ተደርጓል፤ በግልጽ የተሰጠን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ወደ ሥራ መግባትም በዚሁ ሥር ተጠቅሰዋል። ጸሐፊው የያዙት ይህን የኋለኛውን ነው። ነገር ግን መመሪያ ተጣሰ ለማለት አስቀድሞ በግልጽ የተሰጠ መመሪያ መኖር አለበት፤ አንቀጽ 92ም መከላከያ መሣሪያ የማቅረብን፣ አጠቃቀሙን የማስረዳትንና የሥራ ቦታው አደጋ እንዳያደርስ የማድረግን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል። ሠራተኛው የተሰጠውን መሣሪያ የመጠቀም ግዴታ አለበት፤ ያልተሰጠውን ግን ከየት ያመጣል? «መነጽር አላደረግህምና መብት የለህም» የሚል አጭር ትምህርት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ሳይጠይቁ እንዲቀሩ ያደርጋል።

ስለ ዋጋው ብዙ መናገር አያስፈልግም። ከመዶሻ ጀርባ የሚቆም መከለያ ወፍራም ላሜራና ጥቂት ብየዳ ነው፤ ብረት ሥራን ሙያዬ ያለ ድርጅት ከውጭ የሚያስመጣው ነገር አይደለም። ማሽኑን ለመጠገን ሲባል መነሣቱ ሥራ ያጓትታል የሚለው ግን ትክክል ነው፤ ስለዚህ በማጠፊያ የሚከፈት ሆኖ ቢሠራ ይሻላል።

በዓይን ስለገባ ቅንጣት የተሰጠውን ምክር ሆን ብዬ ለመጨረሻ ያቆየሁት፣ ከሌሎቹ ሁሉ ፈጥኖ ሰው ስለሚጎዳ ነው። አቧራ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ሊወጣ ይችላል፤ ብረት በብረት ሲመታ የተወረወረ ቅንጣት ግን ሌላ ነው። ዓይን ውስጥ ለሚገባ ብረት ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች አንዱ ይኸው ብረትን በመዶሻ መምታት ነው። ቅንጣቷ ትንሽና ፈጣን ስለሆነች የምትገባበት ቀዳዳ ወዲያው ሊገጥም ይችላል፤ ሕመሙ ቀላል፣ እይታውም ለጊዜው ደኅና ሊሆን ይችላል። ሠራተኛው «ወጣልኝ» ብሎ የሚያስበው ወደ ውስጥ ዘልቃ ስለማይታየው ነው። ከዚያ በኋላ በቀናት ውስጥ ዓይኑን ሊያጠፋ የሚችል መመርቀዝ ሊከተል ይችላል። ካልመረቀዘም ብረቱ ዓይን ውስጥ ቀስ እያለ በመዛግ በወራት ወይም በዓመታት ሬቲናን፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለውን የዓይን የውስጥ ክፍል፣ ይመርዛል፤ ሐኪሞች ይህን ሲደሮሲስ ይሉታል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥም ዓይንን ማሸትም ሆነ መጫን አይገባም፤ በመሐረብ ጫፍ፣ በክብሪት እንጨት ወይም በማግኔት ለማውጣት መሞከር፣ ቅባት ወይም ጠብታ መጨመርም እንዲሁ። ዓይኑን ሳይነካ የሚሸፍን ነገር፣ ለምሳሌ የወረቀት ኩባያ ታች፣ በላዩ አስሮ ወዲያውኑ ወደ ዓይን ሐኪም መሄድ ይገባል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዚህ ሕክምና የታወቀ ነው። ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችል በመንገድ ላይ አለመብላትና አለመጠጣት ይመረጣል። ብረቱ በራጅ ወይም በሲቲ ስካን ይፈለጋል፤ ኤምአርአይ ግን ኃይለኛ ማግኔት ስለሆነ ብረቱን ከነበረበት አንቀሳቅሶ ጉዳቱን ሊያብስ ይችላልና ብረት የተጠረጠረበት ዓይን ያለው ሰው ሊነሣው አይገባም።

ለሐኪሙ የሚነገረው ቃልም ወሳኝ ነው። ያ የግምጃ ቤት ሠራተኛ ዓይኑን በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ወደ ሥራው ተመልሶ ነበር። በማግሥቱ ሲቆረቁረው ሄዶ «አቧራ ገባብኝ» ስላለ ጠብታ ተሰጥቶት ተመለሰ። በአራተኛው ቀን ማየት ሲያቅተው ያገኘችው ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቀችው ሥራው ምን እንደሆነ ነው፤ «ግምጃ ቤት ነው የምሠራው» አላት። «ግምጃ ቤቱስ የት ነው?» ብላ ባትደግመው ኖሮ የዚያን ዕለትም ራጅ ሳይነሣ ይመለስ ነበር።